የጎተራው እንጥሻ

ዛሬ አምቦ ከዓይን ሐኪም ቤት ወደ ፀሐይ ስንወጣ እኔና ልጄ እኩል አነጠስን። በር ድረስ የሸኘችን ሐኪም ሳቀች። "ድንገተኛ ብርሃን የሚያስነጥሰው ሰው አለ፤ በዘር ይወረሳል" አለችን።

በዘር። ከአባቴ መሆኑ ነው።

በደርግ ጊዜ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ አባቴ ጊንጪ ዳር ግቢያችን ውስጥ ባዶ ጎተራ ውስጥ ደበቀኝ። አንድ ረፋድ ሚሊሻ መጣና ክዳኑን ገለጥ አደረገው። ወደ ውስጥ እንኳ አላየም። እኔ ግን ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ስታርፍ አነጠስኩ።

ሚሊሻው ከጎኑ የቆመው አባቴ ያነጠሰ መስሎት "ኦቦ፣ ይማርዎት" አለ።

እኔ ከጎተራው ውስጥ "ያኑርህ" አልኩ። ጨዋ ልጅ ነኛ።

ሁለት ዓመት ግንባር ቆይቼ ስመለስ አባቴ የተቀበለኝ "አንዲት እንጥሻ መዋጥ አቃተህ?" ብሎ ነው። እስኪሞት ድረስም አልተወኝም። እሱ ራሱ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ሲያይ ሳያነጥስ ውሎ አያውቅም።

እንጥሻውን አወረሰኝ፤ "ያኑርህ" ማለትን በቁንጥጫ አስተማረኝ፤ ጥፋቱን ግን ለእኔ ብቻ ተወው።

እናንተስ ቤት፣ ራሱ ባወረሳችሁ ነገር ሲወቅሳችሁ የኖረ አባት አለ?