ቆሻሻ ያልያዘ አይጫወትም

እኔ ቂመኛ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ለመናዘዝ አይደለም፤ የሚቀጥለውን የሚያነብ ሰው አንዲት ደግ ሴት ልጆች ስታጫውት ያየ እንዳይመስለው ብዬ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በየእሑዱ የልደታ ኮንዶሚኒየም ልጆችን ሰብስቤ አጫውቻለሁ። የግቢው እናቶች መርቀውኛል። አንዷማ «የአንቺስ ልብ የመልአክ ነው» ብላኛለች። እኔ ግን ያን ሁሉ ያደረግሁት አንዲት ሴት አንጀቷ እንዲያር ነበር።

ሴትዮዋ የምትኖረው ከእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኛ ምድር ላይ ነን። የልጇ አምስተኛ ዓመት ልደት የተከበረው ግቢው መሐል ነው። ግቢው የጋራ ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚጣለው እዚያው ነው። እሷ ደግሞ ልጆች የሚዘሉበት፣ በአየር የሚነፋ ትልቅ የላስቲክ ቤት ተከራይታ አስተከለች። ልጄ ከልጇ እኩያ ናት፤ ተጠራች። ባዶ እጇን አትሄድም ብዬ ከካልሲ አንድ አሻንጉሊት ሰፋሁላት፤ ዓይኑ ሁለት ቁልፍ፣ ጸጉሩ የሹራብ ክር። አብነት ላደገ ሰው እንዲህ ያለው ሥራ አይከብደውም። ሰፈራችንን ልብስ ሰፊና ጫማ ሰሪ ሞልቶት ስለነበር እኛ ልጆቹ የምንጫወተው ከወለላቸው ላይ በምንለቅመው ቁርጥራጭ ነበር።

ልጄ አሻንጉሊቱን በሁለት እጇ ይዛ ለእናትየዋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። «ውይ፣ እንዲህ ያለ ቆሻሻማ ከእነዚህ ስጦታዎች ጋር አይቀመጥም» አለችና የተቀደደ መጠቅለያ ወረቀት የተጠራቀመበት ጆንያ ውስጥ ጣለችው። ሳቅ እያለች ነው ያለችው። እዚያው ቆሜ ነበር። ከኬኩም ቆርሳ ሰጠችኝ፤ እኔም ተቀብዬ በላሁ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው የሚያንገበግበኝ ያ መብላቴ ነው።

ልጄ አላለቀሰችም። ቤት ስንገባ «ማሚ፣ ቆሻሻ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልርሳ ብል እንኳ ሥራዬ አያስረሳኝም። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው በደል ስሰማ እውላለሁ። የእኔን ግን ለማን ልጻፈው? የካልሲ አሻንጉሊት ተጣለብኝ ለሚል አቤቱታ መዝገብ የሚከፍት ዳኛ የለም። እንግዲያው ፍርዱን ራሴ ልስጥ ብዬ ተነሳሁ።

የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ያቺ ሴት በገዛ እግሯ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ «ልጄን አጫውቺልኝ» ብላ እንድትለምነኝ፣ እኔም እምቢ እንድላት። የእምቢታዬን ቃል ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳዋ ስር የግቢውን ልጆች ሰብስቤ ማጫወት ጀመርኩ። ቦታውን መርጬ ነው። አብነት ካለ ሱቅ የለመንኩትን የፍሪጅ ካርቶን መስኮት አወጣሁለትና ታክሲ አደረግሁት። ረዳቷ የእኔ ልጅ ነበረች። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው! ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለች ስትጮህ እውነተኛውም ረዳት አይስተካከላትም። ተሳፋሪው እግሩን አውጥቶ ካርቶኑን ተሸክሞ ይሮጣል፤ ግቢውን ዞሮ ሲመለስ ሌላው ይሳፈራል።

በተከታዩ ሳምንት ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች ውስጥ ጠጠር ጨምረን ደረደርናቸውና በካልሲ ኳስ መምታት ሆነ። በከሰል ሲሚንቶው ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሠራን። ከቢሮ ያመጣሁትን የተበላሸ የማመልከቻ ወረቀት አውሮፕላን አድርገን ለቀቅነው፤ አንዱ «ለክቡር ፍርድ ቤት» የሚል ጽሑፍ ክንፉ ላይ እንዳለ በረንዳዋ ላይ አረፈላት። ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፈን፣ መሐሉን ሁለት ቦታ በምስማር በስተን ክር አስገባንበት፤ ክሩ ሲጠመዘዝና ሲሳብ ቆርኪው እየተሽከረከረ እንደ ንብ ይጮሃል። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያስጮኸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንግዳ ማጫወት እንደማይቻል አስቀድሜ አስቤበታለሁ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠን በሽቦ ቀለበት ስንነፋማ፣ አረፋው እስከ በረንዳዋ ወጥቶ ሲፈነዳ ከልጆቹ ጋር አብሬ ዘለልኩ። በቀል እንዲህ ደስ እንደሚል ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ደንባችን አንድ ነበር። ቆሻሻ ያልያዘ አይጫወትም። መግቢያው ክዳን፣ ካርቶን፣ የተቀደደ ካልሲ፣ ብቻ ሰው የማይፈልገው ነገር ነው። የተገዛ መጫወቻ ይዞ የመጣ ይመለሳል። እናቶቹ ሳቁ፤ ግቢው ጸዳልን ብለው ወደዱት። ደንቡ ለማን እንደወጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሦስተኛ ፎቁ ልጅ ቆሻሻ መንካት ክልክል ነው፤ አሸዋ ሲነካ እንኳ ሠራተኛዋ በሶፍት እየተከተለች እጁን ትጠርገዋለች።

ሴትዮዋ ለብሎኩ ኮሚቴ ከሰሰችኝ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሊያናግሩኝ ሲመጡ የልጅ ልጃቸውን የካርቶኑ ታክሲ ሹፌር ሆኖ አገኙት።

«ልጄ፣ ተከሰሻል» አሉኝ።

«በምን ምክንያት አባባ?»

«በጩኸት ነው።» ቆም ብለው ታክሲውን አዩት። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ጎንበስ አሉና «ይሄ መኪና ጦር ኃይሎች ይሄዳል?» ብለው ጠየቁት።

ተሳፍረው አንድ ዙር ዞሩ። ክሴም በዚያው ቀረ።

የሴትዮዋን ልጅ አየው ነበር። የበረንዳው ብረት መሐል ፊቱን አስገብቶ ይቆማል፤ በእጁ በሪሞት የምትሄድ ቀይ መኪና አለች። መጀመሪያ ሰሞን እኛ እንድናያት በረንዳው ላይ ይነዳት ነበር። በኋላ በኋላ ዝም ብሎ ይዟት ይቆማል። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ልጄ አንድ ቀን ወደ ላይ አንጋጣ «እሱስ?» ስትለኝ «ደንብ ደንብ ነው» አልኳት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ጠዋት ልደታ ማርያም አስቀድሼ ከሰዓት በኋላ ወደ በቀሌ ነበር የምመለሰው።

በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ልጁ ብቻውን ወረደ። ሠራተኛዋ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ቀይ መኪናውን አቅፏል። እኛ ጋ ሳይደርስ ቀጥ ብሎ ከጋራ ማብሰያው ጀርባ ወዳለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ ሸሚዙ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎበት ነበር፤ መኪናዋም ረጥባለች። ልጆቹ ፊት ቆመ።

«ከቆሻሻ ውስጥ ነው ያወጣኋት» አለ።

ራሱ ከትቶ፣ ራሱ አውጥቶ ነው። ሳቄ መጣ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ መኪናዋን ተቀብሎ ገለባበጣትና «አዲስ ናት፤ አይሆንም» ብሎ መለሰለት። ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። በአንድ ቃል ላስገባው እችል ነበር። ፊቴን አዞርኩ። እናቱ ገና አልወረደችማ!

ተመልሶ ሄደ። ከማብሰያው ጀርባ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማን። አንዴ ቆም አለና እንደገና ቀጠለ። ሲመጣ የመኪናዋ ሁለት ጎማዎች ወልቀዋል፣ ጣሪያዋ ተሰንጥቋል፤ ድንጋዩን ገና ከእጁ አልጣለም። ይህን ጊዜ እናቱ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ቤት ውስጥ አጥታው ኖሮ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነው ጫማ ያለው።

«ማነው የሰበረው?» ብላ ጮኸች።

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ። «ካልተሰበረ አያስገቡኝም።»

መኪናዋን አየች፤ ልጆቹን አየች፤ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። የልደቱ ቀን ያደረገችው ትዝ ይበላት አይበላት አላውቅም። ብቻ ድምፅዋ ወረደ።

«እባክሽ» አለችኝ፤ «አጫውቺልኝ።»

ሦስት ወር የጠበቅሁት ቃል ይኸው መጣ። መልሴም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ መኪናዋን ወደ ፊቴ ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

«አሁንስ ይበቃል? ወይስ ሌላም ልስበር?»

እናቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም፤ የምልም አይመስለኝም። ያን ዕለት ግን ያዘጋጀሁት እምቢታ የት እንደገባ እንጃ። ድንጋዩን ተቀበልኩትና እጁን ዘርግቼ አየሁት። አውራ ጣቱን መትቶታል። ጥፍሩ ጠቁሮ ደም ቋጥሯል። ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል እንጂ አላለቀሰም። ካለቀሰ የምንመልሰው መስሎት ነበር።