በጆሮ ያየናቸው ፊልሞች

ልጅ ሳለሁ ፊልም የሚሰማ ነገር ነበር፤ በዓይን የሚታይ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የምንኖረው ሶዶ ከተማ፣ ዳሞታ ተራራ ቁልቁል በሚያየው ሰፈር፣ የጋሼ አንጁሎ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር። ጋሼ አንጁሎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወደ መንገድ የምትከፈተውን ክፍል ቪዲዮ ቤት አድርገዋት ነበር፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ አንድ ቴሌቪዥንና ከቴሌቪዥኑ የሚገዝፍ ድምፅ ማጉያ። እናቴ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ትዘምራለች። ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለበረከት በዚያች በር መግባት ቀርቶ ማጮለቅ እንኳ ክልክል ነበር። ጋሼ አንጁሎ ግን መላ አላጡም።

«አስቴር» አሏት እናቴን አንድ ቀን፣ «ልጆቹ ፊልም አይዩ፣ ልክ ነሽ። ተረት ብነግራቸውስ?»

«ተረት ከሆነማ ምን ክፋት አለው» አለች እናቴ፣ ነገሩ ሳይገባት ቀርቶ ይሁን ገብቷት እስካሁን አላውቅም።

ያኔ በክረምት መብራት የማይጠፋበት ምሽት ጥቂት ነበር። ሲጠፋ ቪዲዮ ቤቱ ይዘጋል፣ ጋሼ አንጁሎም በረንዳው ላይ ከሰል ያያይዙና ፋኖሷን ሚስማር ላይ ሰቅለው የበቆሎ እሸት መጥበስ ይጀምራሉ። አንዳንዴም እናቴ የቀቀለችው ስኳር ድንች በሚያቃጥል ዳጣ ይቀርባል። የእሸቱ ጢስ ከርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ፣ የፋኖሷ ብርሃን የጋሼን ፊት ግማሹን አብርቶ ግማሹን ለጨለማ ሲተወው፣ ድምፃቸው ከዚያ ከማይታየው ግማሽ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ እንግሊዝኛ አይችሉም። በስክሪኑ ያዩትን ሁሉ በራሳቸው ታሪክ እየሰፉ ነበር የሚነግሩን፣ ጣፋጭ ቦታ ላይ ሲደርሱ አማርኛውን ትተው ወደ ወላይትኛ እየገቡ። ኋላ ሐዋሳ ስማር ከእነዚያ ፊልሞች አንዱን አገኘሁትና ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ጋሼ ከነገሩን አንድም ነገር አልነበረበትም። ቅር አለኝ፣ በጋሼ ሳይሆን በፊልሙ።

ፊልሞቹን በሁለት ከፍለዋቸው ነበር። አንዱ «የጉልበት ፊልም» ነው፤ ቀን ቀን ማንም የማያየው ተራ ሰው፣ አንድ ቦታ ጩኸት ሲሰማ ግን ግድግዳ ጥሶ፣ በአየር በርሮ የሚደርስ። በጋሼ አፍ ይህ ሰው ወደ ቤሌ በሚወስደው ቁልቁለት ፍሬን የበጠሰ አውቶቡስ በትከሻው ደግፎ ያቆማል፣ ከዚያም ሾፌሩን «ማርሽ ቀንስ!» ብሎ ይቆጣል። ሌላው «የሩቅ ፊልም» ነው፤ ምድር እንደ አተር ፍሬ እስክታንስ ድረስ የራቀች መርከብ፣ በውስጧም አንዲት ሴት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ተክል የምታሳድግ። «ቅጠሉ ሰፊ ነው» ይሉ ነበር ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እያሰቡ፣ «ጎደሬ፣ የእኛው ቦይና መሆን አለበት።»

በረከት የጉልበቱን ይወዳል፣ እኔ የሩቁን። ጠባችንም እዚያው ነው።

«ያንቺ ፊልም ውስጥ ማንም ማንንም አያድንም» ይለኛል። «ሰው በመስኮት እያየ ያልቃል።»

«ያንተስ? አክተሩ እንደሚያሸንፍ ገና ሳይጀመር ይታወቃል!»

«እንዲያሸንፍ አይደል እንዴ የምንሰማው?»

ጋሼ እሸቱን እያገላበጡ ይስቃሉ። «አንዱ ዳጣ ያበዛል፣ አንዱ አይነካውም፤ ድንቹ ምን አገባው» ይላሉ። በመጨረሻ በተራ አደረጉት፤ አንድ ምሽት የእሱ፣ አንድ ምሽት የእኔ። ተራው ያልሆነው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ግን ተነሥቶ አይሄድም።

አባታችን ያኔ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ሲሄድ እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ስለነበር፣ ከመልኩ ይልቅ ድምፁን ነበር የማውቀው፤ እሱንም እየተቆራረጠ በሚመጣ ስልክ። በዚያ ዓመት ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ እመጣለሁ ብሎ ነበር። በዓሉ ሲቃረብ ከተማው በከብትና በሰው ተጨናነቀ፣ እናቴ የሳሎኑን ግድግዳ ራሷ ቀለም ቀባች፣ በረከትም አውቶቡስ ተራ ሄዶ አባታችንን እንዴት እንደሚያገኘው በየማታው ዕቅድ ያወጣል።

ከዚያ ወሬው መጣ። አባቴ በሚሠራበት ከተማ የውጭ ሰዎች ሱቆች ተዘርፈው ተቃጥለዋል አሉ። እናቴ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። እናቴ ስልኳን ከእጇ አላወርድ አለች፤ ሊጥ ስታቦካ እንኳ በግራ እጇ እንደያዘችው ነበር።

ከበዓሉ ዋዜማ በፊት አንድ ምሽት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጸልዩ መጡና ቤታችን ሞላ። መብራትም ጠፋ። ጋሼ አንጁሎ በሩ ላይ ቆመው «ልጆቹን ለእኔ ተዉአቸው» አሉና ወደ በረንዳው ወሰዱን። ከሰሉ ፍም ሆኗል። ከውስጥ የጸሎቱ ድምፅ እንደ ሩቅ ወንዝ ይሰማል።

«የዛሬው ተራ የማን ነው?» አሉ ጋሼ።

የበረከት ነበር። በረከት ግን እኔን አየኝና፣ «የሩቁን ይንገሩን» አለ።

እኔም እኩል አፌን ከፍቼ ነበር፤ «የጉልበቱን» አልኩ።

እኔ የጉልበቱን የጠየቅሁት እሱ ደስ እንዲለው ነው፣ ወይም ያን ምሽት ሩቅ የሚባል ነገር መስማት ስላልቻልኩ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም ለይቼ አልነግራችሁም። እሱም የሩቁን የጠየቀው ለእኔ ብሎ ይሁን፣ ወይም ለጩኸት በሚደርሰው ሰው ማመን ስላቃተው፣ ጠይቄው አላውቅም።

ጋሼ የጉልበቱን ጀመሩ። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ሰዎቹ ሲጮኹ… ከዚያ ቆሙ። እሸቱ ፍሙ ላይ ሲያርር ይሸተናል፣ እሳቸው ግን አላነሡትም።

«ልጆቼ» አሉ በቀስታ፣ «ዛሬ መጨረሻው አልታይህ አለኝ።»

እንዲህ ሲሉ ሰምተናቸው አናውቅም። ትልቅ ሰው መጨረሻውን ሊያጣ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ማልቀስ ስጀምር በረከት ተጠጋኝና በአንድ እጁ ነጠላዬን እየጎተተ መናገር ጀመረ። የእኔን ፊልም ነበር የሚናገረው፤ የመርከቧን ሴት። አበላሸው። ሴትዮዋ በመሃል ድንጋይ ታነሣለች፣ የመርከቧን በር በቡጢ ትመታለች፤ እኔ ግን አላረምኩትም። በኋላ ሴትዮዋ ወደ ምድር ደወለች፣ አለ።

«ማንም አላነሣም» አለ። «ግን ስላልሰሙ አይደለም። በጣም ሩቅ ስለሆነ ነው። ድምፁ ተልኳል፤ አሁን መንገድ ላይ ነው።»

«መንገድ ላይ ነው?» አልኩት።

«መንገድ ላይ ነው።»

ጋሼ አንጁሎ ፊታቸውን ወደ ጨለማው አዞሩ። ከዚያ ያረረውን እሸት አነሡና ያላረረውን ጎን ፈልፍለው በየመዳፋችን አደረጉልን።

ጊፋታ አለፈ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኛ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ዋለ። ስልኩ የጠራው ከበዓሉ በኋላ፣ እናቴ ልብስ ስታሰጣ ነው፤ በማናውቀው ቁጥር፣ በተውሶ ስልክ፣ አባቴ ራሱ። ቆስሎ ነበር፣ ድኗል፤ ሱቁ ግን አመድ ሆኗል። እናቴ ርጥቡን አንሶላ አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አባቴ የመጣው እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከአውቶቡሱ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ ወረደ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ግራ እጁ በደንብ አይታጠፍም። በረከት ያን ያህል ዓመት ሲያልመው የነበረውን ሩጫ አልሮጠም፤ ቀስ ብሎ ሄዶ ሻንጣውን ተቀበለው። ለሳምንታት እንደ እንግዳ ነበር የምናየው፣ እሱም እንደ እንግዳ ይቀመጥ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብለት ያመሰግናል፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል።

አንድ ምሽት በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ መብራት ጠፋ። ጋሼ አንጁሎ ያኔ ጆሯቸው ከብዶ፣ ቪዲዮ ቤቱንም ዘግተውት ነበር፤ ከጥግ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። በረከት ፋኖሷን ሚስማሩ ላይ ሲሰቅል አባቴ፣ «እኔ በሌለሁበት ምን ምን አመለጠኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ምን ይባላል? እናቴ ታማ የተኛችበት ጊዜ፣ ኪራይ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት ወር ሁሉ… በረከት፣ «ፊልም ልንገርህ?» አለው።

ነገርነው። እሱ የጉልበቱን፣ እኔ የሩቁን፣ እየተነጣጠቅን፣ እንደ ድሮው እየተጣላን። አባቴ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እኔ እያየ፣ አንዲት ቃል ሳያቋርጥ ሰማን።

«ሁለቱም ጥሩ ነው» አለ ስንጨርስ። «ግን ልጆቼ… የሚያስቅ የለም?»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ነች፤ ያን ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፣ ወይም ረስቼዋለሁ። ጋሼ አንጁሎ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ምን አለ? ምን አለ?» አሉ። በረከት ጮኾ ነገራቸው።

«አለ እንጂ!» አሉ፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ። «እንዴት ያለ አለ መሰለህ!»

ምን እንደነገሩን ዛሬ አንዱንም አላስታውስም። እነዚያ የሚበሩት ሰዎችና ያቺ ብቸኛ መርከብም እያደር እየደበዘዙ ሄደዋል፣ በየትኛው በኩል ቆሜ ስከራከር እንደነበርም አንዳንዴ ይጠፋኛል። የቀረልኝ ያ ፊት ነው፤ አባቴ በፋኖሷ ብርሃን ውስጥ፣ የሚያስቀው ቦታ ገና ሳይደርስ፣ በደህናው እጁ አፉን ሸፍኖ ሲጠብቅ።