ሲስተር ሰገነት እጇን የሰበሰበችበት ቀን

በእኛ በባሕር ዳር ጣቢያ ሲስተር ሰገነት ያልተቆጣችው የአምቡላንስ ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል፤ ወንዱንም ሴቱንም ተቆጥታለች። የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማትወድ። እኔ አለበል ሹፌሯ ነኝ፤ ፀጉሬ የሸበተው እሷን ከጎኔ አስቀምጬ ስነዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ጋሼ አለበል፣ ይፍጠኑ እንጂ!» ትለኛለች። ባጃጅ ሁሉ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ በየት ልብረር? ቢሆንም እወዳታለሁ። ለታመመ ሰው እንደ እሷ የሚጨነቅ አላየሁም።

እንከኗ አንድ ነው። የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ ዝም ብላ ማየት አይሆንላትም።

የፈረቃችን አስተባባሪ ጡረታ ሲወጡ ሰገነት ቦታውን ፈለገችው፤ መፈለጓንም አልደበቀችም። «ስታዘዝ ኖርሁ፤ አሁን ደግሞ ማዘዝ አማረኝ» አለች በሰው ፊት። በእኛ ቤት ግን ሹመት በፈተና ውጤት ብቻ አይገኝም። የአገልግሎቱ ኃላፊ አቶ ፍሬ ስብሐት የዘረጉት አሠራር አለ። ዕጩው መጀመሪያ በሙከራ ያስተባብራል፤ በዚያ ጊዜ ሌሎቹን ያሠራል እንጂ በሽተኛ አይነካም። ከዚያ በሥሩ የሚሠሩት ይጠየቃሉ። አንዱ እንኳ «አብሬ አልሠራም» ካለ ሹመቱ ይቀራል።

ሰገነት ሙከራዋን እንደጀመረች ሐሙሲት ከተማ ላይ ከጭነት መኪና የወደቀ ሰው አለ ተብለን ሄድን። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያው ምሥጋና ተንበርክኮ የሰውየውን ክንድ ማሰር ጀመረ። ምሥጋና ረጋ ያለ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ ቀስ ይላል እንጂ ሥራው ንጹሕ ነው። ሰገነት ትንሽ ታገሠች፣ ተቁነጠነጠች፣ በመጨረሻ «አምጣው ወዲህ!» ብላ ፋሻውን ከእጁ መንጭቃ ራሷ አሰረችው። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡ መንገደኞች «ይኸ ደግሞ ገና ተማሪ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁበት። ባሕር ዳር እስክንገባ ምሥጋና ዓይኑን ከበሽተኛው ላይ አላነሣም።

በማግሥቱ ለአቶ ፍሬ ስብሐት «እሷ ከተሾመች እኔን ሌላ ጣቢያ ይመድቡኝ» አላቸው። እሳቸውም ሰገነትን ጠርተው «የምሥጋና ቃል ካልተለወጠ ይኸን ሹመት እርሽው» አሏት። ወጥታ እኔ መኪና ውስጥ ገባችና አለቀሰች። አንጀቴን በላችው፤ ግን እውነቱን ነገርኋት።

«ጥፋቱ የራስሽ ነው። ሰው የሚሠራበትን እጅ ነጥቀሽ እንዴት ነው የምትመሪው?»

«አውቃለሁ ጋሼ። እጄ ይቀድመኛል፤ ምን ላድርገው?»

ብዙም ሳይቆይ፣ ሙከራዋ ሳያልቅ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሐይቁ ውስጥ ካለ አንድ የደሴት ገዳም ተደወለ። አባ ወልደ ጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ላይ አዳልጧቸው ጭናቸው ተሰብሯል። ያ ገዳም ሴት የማይገባበት ነው። በጀልባ ደረስንና ሰገነት እዚያው ጀልባው ላይ ቀረች፤ እኔም ዳገቱን ሳይ ጉልበቴ አመመኝና አብሬያት ቀረሁ። ምሥጋና ቃሬዛውን ለመነኮሳቱ አሸክሞ ያለ እኛ ወጣ።

እሷን ያኔ ማየት ነበር! ከጀልባው ጫፍ ጫፍ ትመላለሳለች፤ ጀልባ ነጂው «ኧረ ሲስተር፣ ልትገለብጪን ነው» ይላል። ለምሥጋና ስልክ ደወለችለት። «እጄ ሥራ ላይ ነው» ብሎ ዘጋባት። ደግማ ልትደውል ስትል «ተይው» አልኋት። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ዝም ማለት ይህን ያህል እንደሚያደክማት ያን ቀን ነው ያየሁት።

ቆይቶ ራሱ ደወለ። «አስሬያቸዋለሁ። በመጣንበት እንዳናወርዳቸው ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ልታዝዝ አፏን ከፈተችና ቃሉን መልሳ ዋጠችው። «አንተ ምን ይሻላል ትላለህ?»

«በደሴቱ ጀርባ በኩል ይሻል ነበር። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ጀልባ ግን የለም።»

«በጀርባ ውረድ። ጀልባውን እኔ አመጣልሃለሁ።»

ጀልባ ነጂው «እዚያ ውሃው ደንገል ብቻ ነው፣ ሣሩ ሞተሬን ያንቅብኛል» ብሎ አንገራገረ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በመጨረሻ ሞተሩን አስጠፍታ በመቅዘፊያ እየገፋን ገባን። እኔም ገፋሁ፤ ጉልበቴ ለዚህ ደኅና ሆነ።

ምሥጋና አባን ይዞ ሲወርድ እግራቸው በመደገፊያ እንጨት ቀጥ ብሎ ታስሯል፤ እሳቸውም ጸሎታቸውን ቀስ ብለው ይደግማሉ። ጀልባው ላይ ከወጡ በኋላ ሰገነትን የሚከለክል ገዳም የለም። እጇ ወደ ፋሻው ሲነሣ አየሁና ሆን ብዬ ሳልሁ። እጇን መለሰች።

«ምሥጋና፣ ምን ልርዳህ?» አለችው።

ነገሩ እውነት ስላልመሰለው ቀና ብሎ አያት። ቀጥሎ መነኮሳቱ አብረው የላኩትን ጃንጥላ አቀበላትና «ፀሐዩ ፊታቸውን እየመታቸው ነው፤ ይኸን ያዥልኝ» አላት።

ያዘችላቸው። ሐይቁ ነፋስ ነበረው፤ ጃንጥላውን ይጎትትባታል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። መንገዳችንን ስናጋምስ አባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይች ጥላ የያዘችልኝ ማን ናት ልጄ?»

ምሥጋና የአባን የልብ ምት እየቆጠረ ነበር። ጣቱን ከእጃቸው ላይ ሳያነሣ፣

«አለቃዬ ናት፣ አባ» አለ።

የራሴ ልጅ የተሾመች ያህል ደስ አለኝ። ሰገነት እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ጋሼ አለበል፣ ሰሙት?»

«ሰምቻለሁ። ጃንጥላውን አቅኝው፤ ፀሐይ ገባባቸው» አልኋት።