መዳፌ የሸፈነው አበባ

ያን ጊዜ ፊዚክስ የሚያስተምረው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ነበር። እኔ መቱ ውስጥ መምህር ተብዬ ፕላዝማውን እከፍታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከቆመበት እቀጥላለሁ። አብሮኝ የሚሠራ፣ እዚያው አቅራቢያችን ካለችው ቡሬ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። በሦስት ዓመት ብቻ ብበልጠው «ጋሼ» ይለኛል፤ ይኼው ጥሪ ራሱ ያናድደኝ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ አንድ ዕድል ሲመጣ ሁለታችንም ተወዳደርን፤ እሱ አለፈ። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት፣ ከአንገት በላይ። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ እሁድ ከሰዓት ሊጠይቀን ቤት መጣ። ባለቤቴ ከወሎ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለደች ናት፤ ስፌት ከእናቷ ተምራለች። ቆሎ በትንሽ ሰፌድ አቀረበችና ወስፌዋን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች።

«እዚያ ምንድን ነው የምትማረው?» አለችው።

በልቤ ሳቅሁ። እስቲ የሚያጠናቸውን ትልልቅ ሲሜትሪዎች ለእሷ ያስረዳ ብዬ። እሱ ግን ቆሎውን ሳህን ላይ ገለበጠና ዙሪያውን አበባ የተሰፋበትን ሰፌድ አነሳ።

«እትዬ፣ ይሄን ትንሽ ባዞረውና ይሄ አበባ በዚያኛው ቦታ ቢመጣ፣ መዞሩ ይታወቃል?»

«በምን ይታወቃል? ስምንቱም አበባ አንድ ነው።»

«እሱ ሲሜትሪ ይባላል። እኛ የምንፈልገው በጣም ትልቁን ነው። ኤሌክትሮንና ኳርክ የሚባሉ፣ ነገር ሁሉ የተሠራባቸው ደቃቆች አሉ። ሲታዩ እርስ በርሳቸው ባዕድ ናቸው። ትልቁ ሲሜትሪ እውነት ከሆነ ግን አንዱ ሲዞር ሌላውን ይሆናል፤ ከሥሩ አንድ ናቸው ማለት ነው።»

ወስፌዋን አስቀመጠች። በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ለእኔ ወሬ ወስፌ አስቀምጣ አታውቅም። ዕድሉን ከወሰደብኝ ቀን ይልቅ ያን ጊዜ ቀናሁበት።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። የዘወትር ሰፌዳችንን አወጣሁና አንዱን አበባ በመዳፌ ሸፍኜ ፊቱ ያዝኩለት።

«በል ሊቁ፣ ከእጄ ሥር ያለው ምን ቀለም ነው?»

የቀሩትን ሰባት ቀያይ አበቦች አየና «ቀይ መሆን አለበት» አለ።

እጄን አነሣሁ። አረንጓዴ ነበር። ሳቅሁ፤ ሳቄም ቶሎ አላልቅ አለኝ።

እሱ አልተቀየመም። «ዱጋ፣ እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ፣ ኦሮምኛውን ቀላቅሎ። «የእኛም ጣጣ ይኸው ነው። በምናየው ዓለም ሲሜትሪው ተሰብሮ ነው የምናገኘው። ምን ሰበረው ብለን ነው የምንለፋው።»

ባለቤቴ ሰፌዱን ከእጄ ወሰደች። «ልክ ነህ፣ ቀይ ነበር የሚሆነው» አለችው፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

«ታዲያ ምን ሰበረው፣ እትዬ?»

«ይሄ ባለቤቴ ፈተና ሊፈትን ቡሬ ሲሄድ ለስፌቱ ሳር ቀይ ቀለም አምጣልኝ ብዬው ነበር። ረሳ። ደግሜ መጠየቁ ደከመኝና ባለኝ ጨረስኩት።»

ቁጣ የለባትም። የአበባውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ነበር። እሱ አቀርቅሮ ቆሎውን ቆረጠመ።

በዚያ ሰፌድ ስንት ዓመት በልቻለሁ። አረንጓዴው የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ለምን አረንጓዴ ሆነ ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም፤ የጠየቃት እሱ ነው።