የጓደኛዬ አንቲቫይረስ

ሰሞኑን የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ቤት ሲጸዳ ከአሮጌ ማተሚያዎች ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ ወጣ። የሚያጸዱት ልጆች ምን እንደሆነ እንኳ አላወቁትም። አንዱን አነሳሁና የብረት መዝጊያውን በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ ለቀቅኩት፤ ጠቅ ብሎ ተመለሰ። ያ የፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እዚያው ቁጭ አልኩ። ምን ሆነህ ነው ብለህ ጠየቅከኝ አይደል? እንግዲህ ስማ፤ ለሰው ነግሬው አላውቅም።

ያኔ እዚሁ ሐዋሳ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። የኮምፒውተር ክፍላችን መስኮት በሐይቁ በኩል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ገብታ ስክሪኑን ሁሉ ነጭ ስለምታደርገው በደብተር እየከለልን ነበር የምንሠራው። ቫይረስ እንደ ጉንፋን ነበር። ተማሪው እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ወረቀት ሊያስተይብ ይሄዳል፣ በፍሎፒው ይዞት ይመጣል፣ ሁላችንንም ያዳርሰናል። ከውጭ የሚመጣው አንቲቫይረስ ሞክራችሁ ከወደዳችሁት ክፈሉ የሚባል ዓይነት ነበር፤ ማሻሻያው ግን ከአዲስ አበባ በሰው ኪስ ነበር የሚመጣው። እስኪደርስ ቫይረሱ ወልዶ ከብዶ ይጠብቀዋል።

የዶርም ጓደኛዬ በዚህ ተናደደና የራሱን ጻፈ። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ነበር የሚተኛው፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነበር። ፕሮግራሙ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ፋይሎቹን ይፈትሻል፣ ንጹሕ ከሆኑ አንዴ ጢጥ ይላል። የተመረዘውን ካገኘ ያጠፋዋል፤ ሲያጠፋ ደግሞ ከላዩ ዜሮ እየጻፈበት ነው፣ ማንም ተመልሶ እንዳያገኘው። በዚህ ይኮራ ነበር። የሚያስከፍለው አንድ ባዶ ፍሎፒ ብቻ ነው። መመረቂያ ሥራውም ይኸው ሆነ፤ መምህራኑ ሳይቀሩ "ይህ ልጅ የት ይደርስ ይሆን" ይሉ ነበር።

በየሳምንቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣል። አብሮ "ምን ታረመ" የምትል አጭር ፋይል ያደርጋል፤ የትኛው ስህተት እንደተስተካከለ፣ ስህተቱን ማን እንዳገኘው ይጽፍባታል። ሞካሪው እኔ ስለነበርኩ የእኔ ስም አይጠፋም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አያጠግበኝም ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የእሱ ስም ነው፣ በየኮሪደሩ የሚጠራው የእሱ ስም ነው፤ እኔ ሁልጊዜ "አብሮት ያለው ልጅ" ነኝ። ቀናሁ። ሌላ ቃል የለውም።

በመጨረሻው ዓመታችን እናቱ ታመሙና ወደ አገሩ ሄደ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ "አዲስ ቫይረስ ቢመጣ እንኳ ፕሮግራሙን አትንካው እሺ? ሰዎቹ እኔ እስክመለስ ይቆዩ" አለኝ። እሺ አልኩት። በሳምንቱ የዲፓርትመንታችን ጸሐፊ ፍሎፒዋን ይዛ መጣች። "በጌታ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ፋይሎቼ እየተምታቱ ነው፣ የጓደኛህም ፕሮግራም አላገኘውም" አለች። ሌሎችም ተከትለዋት መጡ። ሰው ሲከበኝ፣ ስሜን ጠርቶ ሲለምነኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የሠራሁትን በቀላሉ ላስረዳህ። አንቲቫይረስ ቫይረስን የሚያውቀው በምልክቱ ነው። የጸሐፊዋን ፋይሎች ከፍቼ ሳመሳክር ሁሉም መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አገኘሁ፤ በቃ ምልክቱ ይኸው ነው አልኩ። ፕሮግራሙ ውስጥ ጨመርኩት። የኮምፒውተር ክፍሉ ማሽኖች ላይ ሞከርኩት፤ አንድም ያለ አግባብ የጠፋ ፋይል አልነበረም። "ምን ታረመ" ላይ ስሜን ልጽፍ እጄን ዘርግቼ ነበር። ቆይ፣ መጀመሪያ መሥራቱን ልይ፣ ከሠራ እጽፈዋለሁ ብዬ ተውኩት። የእሱን ስም እንዳለ ትቼ ፕሮግራሙን ለሁሉም አደልኩት።

ከመጡት መካከል አንድ አዛውንት መምህር ነበሩ። እንሰትን የሚያደርቀውን በሽታ ስድስት ዓመት ሙሉ በየገጠሩ ዞረው አጥንተው፣ ገበሬው ራሱ አንብቦ እንዲረዳው ብለው በአማርኛ መጽሐፍ ጽፈውበታል። ጥንቃቄያቸው ለጉድ ነው፤ መጽሐፉን ቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው፣ ደግሞ ሁለት ሁለት ቅጂ በፍሎፒ አድርገው በብስኩት ቆርቆሮ ይይዙታል። ቆርቆሮውን ይዘው መጡ።

"ቅጂዎቹም አብረው ይታዩ፤ አንዱ ተመርዞ ሌላውን እንዳይበክልብኝ።"

"ይቀመጡ ጋሼ፣ ሁሉንም እኔ አይልዎታለሁ" አልኳቸው።

አጠገቤ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነበረች። ፍሎፒ በፍሎፒ አስገባሁ፤ ማሽኑ እየተንኳኳ ያነባል፣ "ተገኝቷል" ይላል፣ እኔ "አጥፋ" እላለሁ። "ይገርማል፣ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነበር?" አሉ። ቆርቆሮው ሲያልቅ ቢሯቸው ድረስ አብሬያቸው ሄጄ ኮምፒውተሩንም አጸዳሁላቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ጌታ ይባርክህ" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጸሐፊዋ እያለቀሰች መጣች። አንድ ደብዳቤ አልቀረላትም። እንግሊዝኛው ሁሉ አለ፣ አማርኛው የለም። ያኔ ገባኝ። ምልክት ያልኩት ቫይረሱ አልነበረም። በአማርኛ የምንጽፍበት ፕሮግራም በየፋይሉ አናት ላይ የሚያኖረው የራሱ መለያ ነው። ክፍላችን ውስጥ የሞከርኩባቸው ፋይሎች ደግሞ ሁሉም የእንግሊዝኛ አሳይመንቶች ነበሩ። በአማርኛ ተጽፎ ኮሌጁ ውስጥ የነበረውን ሁሉ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ዜሮ ተጽፎበታልና የሚመልሰው የለም።

መምህሩ ቢሮ ስደርስ ባዶውን ስክሪን እያዩ ተቀምጠዋል። "የእጅ ጽሑፉን ከተየብኩት በኋላ ጥዬዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው፤ ይህንኑ ደጋግመው አሉት። አልጮሁብኝም፤ በእሳቸው ዓይን የጓደኛዬ ፕሮግራም ነው ያጠፋው፣ እኔ ያው አብሮት ያለው ልጅ ነኝ። እኔ ነኝ ያደረግኩት ሳልላቸው ወጣሁ።

የዚያን ቀን ያደረግኩትን ስነግርህ ፊቴን አትይ። ላርማቸው ነው ብዬ ያደልኳቸውን ፍሎፒዎች በሙሉ ሰበሰብኩ። የጨመርኩትን ከፕሮግራሙ አወጣሁ፣ የድሮውን መለስኩ። ጓደኛዬ ትቶት እንደሄደው አደረግኩት።

ጓደኛዬ እናቱን ቀብሮ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ዲኑ አስጠሩት። ወደ ቢሮው ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመና "እኔ ሳልኖር የነካኸው ነገር አለ?" አለኝ።

"ኧረ ምንም" አልኩት።

አመነኝ። ሐዘንተኛ ነው፣ አሁን አይነገረውም፣ ሐዘኑ ሲበርድለት እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን ደለልኩ። እሱ ግን ገብቶ "ፕሮግራሙ የእኔ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው" አለ። መመረቂያ ሥራው ተሰረዘ፣ ኮምፒውተር ክፍል እንዳይገባ ታገደ። አንድ ወር እንኳ አልቆየም፤ አልጋ ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ። እኔ ተመረቅኩ። መምህሩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ አሉ፤ ሳይጨርሱት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሐዋሳ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በኩል ስሄድ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው ጠራኝ። እሱ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። አንገቴን አቅፎ ሳመኝ፤ "ና ሻይ እንጠጣ፣ ስንት ዓመቱ ነው" እያለ ሱቁን ዘግቶ ሐይቅ ዳር ወሰደኝ። ልጆቼን ጠየቀኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ከዚያ ፈገግ እያለ፣

"አትስቅብኝና ያንን ፕሮግራም አሁንም አልተውኩትም። አትሜ አስቀምጬዋለሁ። መስመር በመስመር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰለህ፤ ስህተቱን ላገኘው አልቻልኩም" አለኝ።

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

"ሌላ ፕሮግራም መጻፍ ያቆምኩት እኮ ለዚህ ነው" አለ። "የገዛ ስህተቴን ማየት ካልቻልኩ፣ እንዴት ብዬ የሰው ንብረት እነካለሁ? ፎቶ ኮፒ ይሻላል፤ ያለውን ያወጣል።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ስህተቱ አንተ ጋ የለም፣ ከመጀመሪያውም አልነበረም፣ ይህን ሁሉ ዓመት ባዶ ቤት ስትበረብር ነው የኖርከው ማለት ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዕድሜው የበላሁበትን ሁሉ አሰብኩና ፈራሁ፤ የፈራሁትም ጥላቻውን ነው፣ ለእሱ አዝኜ እንዳይመስልህ።

ከቦርሳው ወረቀቶቹን አወጣ። ጠርዛቸው ተበልቷል፣ በየመስመሩ በእርሳስ ምልክት ተደርጎባቸዋል። "አንተ ዓይንህ ጥሩ ነበር፤ እስቲ አብረን እንየው" አለኝ። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን፣ እሱ በጣቱ እየጠቆመ፣ እኔ እያነበብኩ፣ የማውቀውን ነገር በሌለበት አብሬው ፈለግኩ። ሐይቁ ላይ ዝናብ መጥቶ ሄደ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ ዓይኔን አየኝ።

"አንተም አልታየህም?"

"አልታየኝም" አልኩት።

ትልቅ ትንፋሽ አወጣ። ፊቱ ተፈታ። "እንግዲያው እኔ ብቻ አይደለሁም" አለ፤ ወረቀቶቹን አስተካክሎ አጠፈና እጄን ያዘኝ። "አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዛሬ ትልቅ ሸክም ነው ያወረድክልኝ።"