«ዱክ ደህና ነው»

እኔ ውሻ አልወድም፤ ምን ያስዋሸኛል። ዘርትሁንም አትወድም ነበር። ሁለታችንም ቴክሳስ፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የመንገደኛ ዊልቸር ስንገፋ ውለን፣ ዋይሊ በምትባል ከተማ ጎረቤታሞች ስለሆንን በአንድ መኪና ነው የምንመለሰው። መንገድ ላይ ውሻውን የሚስም ፈረንጅ ካየች ፊቷን ታዞራለች። ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ልጇ ሊዮል በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 ወደ ኢራቅ ሲዘምት ያንን ጎፈሬያም ውሻ ያስታቀፋት።

«እማ፣ ዱክን አደራ» ብሎ ሄደ። አሜሪካ ያደገ ልጅ ቢሆንም አደራ ማለትን ከእናቱ አሳምሮ ተምሯል። እሷም አደራ በላ ከምባል ሞቴን ይስጠኝ የምትል ሴት ናት። በዚያ ላይ ለእኔ ብቻ የነገረችኝ ሌላ ፍርሃት ነበረባት። «ውብዬ፣ ይሄ ውሻ አንድ ነገር ከሆነ ልጄም…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ተቆጣኋት። ቁጣዬ ግን ለፍርሃቷ ምንም አልፈየደም።

ሙቀቱ ሲጀምር ሊዮል ከዚያ በረሃ እየደወለ ያስተምራታል። «እማ፣ እንዳትላጪው፤ ፀጉሩ ከፀሐይ ይከላከልለታል። ብራሽ ብቻ አድርጊው። የልብ ትል መከላከያ ኪኒኑን በየወሩ ስጪው። ዎክ ስትወስጂው ደግሞ መጀመሪያ አስፋልቱን በእጅሽ ንኪው፤ ካቃጠለሽ መልሺው።»

የራሷን የደም ግፊት ኪኒን የምትረሳው ሴት የውሻውን በቺዝ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች። ማለዳ በሯ ላይ በርከክ ብላ አስፋልት ስትዳስስ ያያት ሰው የምትሰግድ ይመስለዋል። የብርዱን ጊዜ ፀጉር ስታበጥርለት የሚረግፈው ትራስ ይሞላል። እኔ ስቄ ልሞት እደርሳለሁ፤ እሷ ግን ፈገግ እንኳ አትልም።

የግንቦት ማርያም ዕለት ስለ ልጇ ዝክር ደገሰች። የንስሐ አባቷ አባ ኃይለ መስቀልም ቤቱን ጠበል ሊረጩላት መጡ። ውሻ ባለበት ቤት እንዴት ተደርጎ ጠበል ይረጫል? ጓሮ እንዳትለቀው የሚያዝያው ነፋስ አጥሩን ገንድሶታል። ስለዚህ ውሃ አስቀምጣ ጋራዥ ውስጥ ዘጋችበት። «ለጸሎቱ ያህል ነው» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣንባት መኪና እዚያው ገብታ ሞተሯ ገና ይፋጃል፤ የጋራዡ በር ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ቆርቆሮ ነው።

ጸሎቱ አለቀ፣ ጠበሉም ተረጨ። ምሳ ቀረበና አባ ትምህርት ጀመሩ። ዱክ በሩን ሲቧጥጥ ይሰማናል። ዘርትሁን ብድግ ልትል ትቃጣና አባን አይታ ትቀመጣለች። ካህን እያስተማሩ፣ ማዕድ ሳይነሳ፣ ለውሻ ተብሎ ይነሳል? «እኔ ልየው» ስላት ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። በሩ ከተከፈተ ዘሎ ማዕዱ ላይ ይወጣል ብላ ፈርታለች። «አባ ይታዘቡኛል» አለች። ይሉኝታ እጅ እግሯን አሰረው። በኋላ ቧጠጣው ቆመ። «ተኛ መሰለኝ» ብላ አንሾካሾከች፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

አባን እስከ መኪናቸው ሸኝተን መስቀል ከተሳለምን በኋላ ሮጣ ጋራዡን ከፈተችው። ወላፈኑ ፊታችንን መታን። ዱክ የውሃ ሳህኑን ደፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ በሩ ሥር ተዘርግቷል። ውሃ አፈሰስንበት፤ ተሸክመን በመኪናዬ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስናከንፈው መንገድ ላይ አለፈ። ዘርትሁን ጭንቅላቱን ታቅፋ «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አባ ሲሰሙ በጣም አዘኑ። «ምነው ብትነግሪኝ ልጄ! እኔም እኮ ቀጠሮ ነበረብኝ። ድግሴን ናቀብኝ እንዳትይ ብዬ ነው የቆየሁት» አሏት። ይህን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ አጣች።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገቡ ተቁሞ ነው የሚረዳው። ዘርትሁንም ይህንኑ ወግ ለውሻ አደረገችው። ጠመንጃ ይዞ ለቆመ ልጅ እንዴት ትንገረው? ሊዮል በደወለ ቁጥር «ዱክ ደህና ነው» ትላለች። ኪኒኑን? ወስዷል። ብራሹስ? ዛሬ ጠዋት።

አንድ እሑድ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ደወለ፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል። «እማ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አላት።

አየችኝ። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብላ ከጎኗ ባዶው ሶፋ ላይ አስቀመጠችው። የልጁ ድምፅ በእንግሊዝኛ እያቆላመጠ፣ እየሳቀ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«እማ፣ ትንፋሹ አይሰማኝም። ሁልጊዜ ያለከልክ ነበር።»

ያን ጊዜ ሁሉንም እያለቀሰች ነገረችው።

«ኦኬ» አለ በመጨረሻ። «ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?»

«የለም ልጄ! ማርያምን!»

«አንቺስ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

እሷ ዘግታ እንባዋን ሳትጠርግ የእኔ ስልክ ጮኸ። ሊዮል ነው።

«እትዬ ውባለም፣ እማ ደህና ነኝ አለችኝ» አለ። «እውነቷን ነው?»

እንቅልፍ ማጣቷንም ኪኒኗን መርሳቷንም የማውቀው እኔ ነኝ። ዘርትሁን አጠገቤ ናት፤ ድምፁ ይሰማታል።