ዋርካው ከድልድዩ በፊት

አክስቴን የማተሚያ ቤት ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏት ነበር። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ትወጋለች፤ ሥራዋም የታጠፉ ወረቀቶችን በተራ ደራርቦ፣ በክር ሰፍቶ መጽሐፍ ማድረግ ነበር። በዕድሜዋ ከሰፋቻቸው ሁሉ አብልጣ የምትወደው ስለ ወፍና ስለ ዛፍ የሚጽፉ አንድ ዝነኛ ደራሲ ያሳተሙትን ነው። መጀመሪያ የታተመ ጊዜ አንዱን ለራሷ ሰፍታ ወሰደች፤ ትራሷ ሥር እያደረገች ጠርዙ እስኪሳሳ አነበበችው።

ደራሲው ጎብኚ የሚቀበሉት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እስከ ቀትር ብቻ ነበር። እርጅና ተጫናቸውና የገጠር ቤታቸውን ትተው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ መሆኑን ሰማን። የቀረችው አንዲት ቅዳሜ ናት።

«ሳላያቸው ከሄዱ መርፌዬን እሰቅላለሁ!» አለችና እጄን ይዛ አውቶቡስ ውስጥ ዶለችኝ።

እንደ ወረድን መጽሐፉን ገለጠች። ደራሲው ከአውራ መንገዱ እስከ ደጃቸው ያለውን ጉዞ፣ ዋርካውንም ድልድዩንም ሳይተዉ፣ አሳምረው ስለ ጻፉት፣ ሰው መጠየቅ ነውር ሆነባት።

«አክስቴ፣ ድልድዩ ይኸው!»

«ዝም በይ! መጀመሪያ ዋርካው ነው። የገዛ ደጃቸውን ከሳቸው በላይ ልታውቂ ነው?»

ዋርካ ፍለጋ የባቄላ ማሳ አቋረጥን። ጭቃው የአክስቴን አንድ ጫማ ዋጠው፤ ሳቅ ገደለን። በመጨረሻ ያገኘነው ዋርካ ያደረሰን ከአንድ የላም በረት ነው። በረቱን የምትጠርገው ሴት ከላይ እስከ ታች አየችን።

«የደራሲው ቤት? ድልድዩን ተሻገሩ እንጂ!»

ሮጥን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች።

ደራሲው በሩን ሊዘጉ እጀታውን ይዘው ሳለ ደረስን። አክስቴ በአንድ ጫማ እያነከሰች፣ ሰላምታውንም ረስታ፣ «ጌታዬ፣ አሳሳቱን እኮ! ዋርካው ይቀድማል ብለው!» አለቻቸው።

«እኔ?» መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ገለጡ። ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እመቤት፣ የዋርካው ወረቀት ከድልድዩ ቀድሞ ተሰፍቷል። ማነው የሰፋው?»

አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔው ነኛ!»

«የገጹን ቁጥርስ አላዩም?»

«እርስዎ ወፍ ሲያዩ ላባ ይቆጥራሉ?»

ሦስታችንም ደጁ ላይ በሳቅ ፈረስን። አስገቡን፤ ወፍ የሚያዩበትን መስኮት ከፈቱላት፤ ወንበራቸውንም ለቀቁላት። በደኅናው ቅጂ እንለዋወጥ ሲሏት ግን መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ልጄ ወልጋዳ ቢሆን ከጎረቤት ልጅ እለውጠዋለሁ?»

ፈረሙላት፤ ዋርካው አልቆ ድልድዩ በሚጀምርበት ገጽ ላይ።

ሲመሽ እስከ ድልድዩ ሸኙን። አክስቴ እዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«በኔ መጽሐፍ ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው ቤቱ ነው» አለች፣ ወደ ደራሲው ቤት መልሳ እየዞረች።

«መጽሐፍ ካለ እንግዲህ ምን ይደረጋል!» አሉና ክንዳቸውን ሰጧት።